ከኳስ ቡድን ጋር ያጋቡኝ ሽማግሌዎች

ሰው ሥራ ለመያዝ ማመልከቻ ያስገባል፣ ይፈተናል፣ ዘመድ ያለው ደግሞ በዘመድ ያስነግራል። እኔ ግን ሥራ የያዝኩት በሽምግልና ነው። አትሳቁ! ልክ ሴት ልጅ እንደምትጠየቀው፣ ሽማግሌዎች ነጠላ ለብሰው ደጅ ቆመው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን» ተብሎ ነው የኮሌጅ ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ የሆንኩት። ያውም ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ። ያን ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ዛሬ ሳወራው ከእናንተ ቀድሜ የምስቀው እኔው ነኝ። ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሲቸኩሉበት አይጥምም።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልናገር። ስሜ ደሳለኝ ነው። ሆሳዕና ተወልጄ ያደግኩ፣ ለከተማዋ ወጣት ቡድን በተከላካይነት የተጫወትኩ፣ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ እንደ ብዙው የአገሬ ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ የወረድኩ ሰው ነኝ። ጆሃንስበርግ ዳር አሌክሳንድራ በሚባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ ግን ደሳለኝ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ሱቅ የምንሸጥ ሐበሾች የሁላችንም ስም አንድ ነው፤ «ማይፍሬንድ»። «ማይፍሬንድ፣ ዳቦ!» «ማይፍሬንድ፣ ኤርታይም!» ከሽቦ ፍርግርግ ኋላ ቆሜ ዳቦ፣ ዘይት፣ ሻማና የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። ስፓዛው፣ ትንሿ የሰፈር ሱቅ ማለቴ ነው፣ የአጎቴ የጋሽ ሎምበሶ ነው። ከአገር ያመጡኝም፣ ያበሉኝም፣ ያሳደሩኝም እሳቸው ናቸው።

ከእኛ ሰፈር ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር ወደ ሳንድተን ሻገር ሲባል አንድ የግል ኮሌጅ አለ። እሑድ እሑድ ከተማሪዎቹ ጋር ስጫወት የድሮው አሰልጣኛቸው አየኝና «ተከላካዮቹን ያዝልኝ» አለኝ። በዚያው ረዳት አሰልጣኝ ሆንኩ። ክፍያው ከታክሲ አያልፍም። ደስታውን ግን አትጠይቁኝ! ሳምንቱን ሙሉ ፍርግርግ ውስጥ ቆሞ የከረመ ሰው ሣር ሲረግጥ ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱት። እዚያ ደግሞ ስሜ «ኮች» ነበር።

ታዲያ ዋናውን አሰልጣኝ አንድ ትልቅ ክለብ ወሰደው፤ ኮሌጁም አዲስ አሰልጣኝ ፍለጋ ማስታወቂያ አወጣ። የቡድኑ አምበል ታቦ የሚባል ልጅ ነው። «ኮች፣ አንተ ካላመለከትክ እኛ ራሳችን እናመለክትልሃለን» ብሎ ያዘኝ። አመለከትኩ። ለቃለ መጠይቅም ተጠራሁ።

ችግሩ በዚያው ሰሞን ጋሽ ሎምበሶ ዲፕስሉት የሚባል ራቅ ያለ ሰፈር ውስጥ ሁለተኛ ሱቅ ለመክፈት ቤት ተከራይተዋል። በጦር መሣሪያ ከተዘረፉ ወዲህ ብቻቸውን ፍርግርግ ውስጥ መቆም ይፈራሉ። የሚያምኑት ሰው ደግሞ እኔን ብቻ ነው። «የአሌክሳንድራውን ለሌላ ሰው እንሰጥና የዲፕስሉቱን አብረን እንይዛለን፤ በሚመጣው ወር እንገባለን» ብለው ቆርጠዋል። ዲፕስሉት ገባሁ ማለት ከንጋት እስከ ምሽት ሽቦ ውስጥ ነኝ፤ ልምምድ የለም፣ ጨዋታ የለም። ወይ ሣሩ ወይ ሽቦው፣ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

በዋዜማው አመሻሽ ላይ የዳቦ ሳጥን እያነሳሁ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት አልኖርም። ኮሌጁ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል።»

«ለምኑ?»

«ለዋና አሰልጣኝነት። የሚጠይቁኝ ዶክተር ኩማሎ የሚባሉ ሴትዮ ናቸው።»

 ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ያልጠበቅኩትን ነው።

«ማን ማንን ይዘህ ነው የምትሄደው?»

«ማንንም። ብቻዬን ነዋ!»

«ብቻህን?!» አሉና የያዙትን የዘይት ጀሪካን መሬት ላይ አስቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ ከሰማይ ነው የወረድከው? ሰው የለህም? ማን ነው ምስክርህ?»

«ጋሼ፣ እዚህ አገር እንዲህ አይደለም። ሰው ስለ ራሱ ራሱ ይናገራል። እኔ ጎበዝ ነኝ፣ እኔ እንዲህ ነኝ ይላል።»

«ራሱን የሚያሞግስ ሰው ማን ያምነዋል? ነውር አይደለም እንዴ?»

ከዚያ በፍርግርጉ በኩል ወደ ውጭ ዞሩ። ሱቃችን ደጅ የቢራ ሳጥን ገልብጠው የሚቀመጡ አንድ ዙሉ ሽማግሌ አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ምኩሉ» ይላቸዋል፣ አያታችን እንደማለት። ጋሼና ምኩሉ ለዓመታት በግማሽ ዙሉ፣ በግማሽ እንግሊዝኛና በእጅ ሲያወሩ የኖሩ ወዳጆች ናቸው። ጋሼ ነገሩን አስረዷቸው። ምኩሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሀይቦ! ብቻውን?»

«ብቻውን!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ያን አስተያየት ጠርጥሬ ቢሆን ኖሮ ያን ጉድ ባላየሁ ነበር። እኔ ሞኙ ሸሚዜን ልተኩስ ገባሁ።

ጠዋት የተውሶ ክራባቴን አስሬ ኮሌጁ ስደርስ ወንበሩ ላይ ሌላ ተወዳዳሪ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ሽቶው ከእሱ በፊት ሰላም ይላችኋል። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ከፍቶ ቀስቶችና ክቦች ያንቀሳቅሳል። «የጨዋታ ፍልስፍናህ ምንድን ነው?» አለኝ። «ኳሷን ማራቅ» አልኩት። አዘነልኝ መሰለኝ፣ ሁለተኛ አላናገረኝም። ገብቶ ቆየ፤ ሳቅ በሳቅ ሆኖ ወጣ። 

ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። ሰብሳቢዋ ዶክተር ኩማሎ ናቸው፤ የተማሪዎች ዲን፣ እናቴን የሚያክሉ ሴትዮ፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። ከጎናቸው የሰው ኃይሉ ሚስተር ናይዱ፣ ወጣት፣ ሱሪው ጠባብ፣ ዓይኑን ከታብሌቱ የማያነሳ። ተማሪዎቹን ወክሎ ደግሞ ታቦ ተቀምጧል።

«ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?» አለኝ ናይዱ።

ዲፕስሉት ልለው ነበር። «እዚሁ» አልኩ።

«ትልቁ ድክመትህ ምንድን ነው?»

ይህን ሌሊቱን ከስልኬ ላይ አጥንቼዋለሁ። «ከመጠን በላይ ትጉህ ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ ማረፍ አላውቅም» አልኩ። ታቦ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ዶክተር ኩማሎ ደግሞ ማዛጋታቸውን በእጃቸው ሸፈኑት።  አበቃልኝ አልኩ በልቤ።

ይኼኔ ነው ከግቢው በር በኩል ጩኸት የተሰማው።

«ምንቱንግዋ! ምቡላዚ!»

የዶክተር ኩማሎ እስክሪብቶ ቆመ። ጩኸቱ ተደገመ፣ ጎላ ብሎ። «ምንቱንግዋ! ምቡላዚ! በደጃችሁ ቆመናል!»

ዶክተሯ ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። እኔም አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁ። ወየው ጉዴ! ከበሩ ውጭ ምኩሉ ለቀብር ብቻ የሚለብሱትን ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይጮኻሉ። አጠገባቸው ጋሽ ሎምበሶ። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፣ ነጠላ ለብሰው አይቻቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን የተውሶ ነጠላ በኮታቸው ላይ አጣፍተዋል። የነጠላው ባለቤት ደግሞ በዚያ በኩል ቆመዋል፤ አቶ ምትኩ፣ መሐል ከተማ ጄፒ በሚባለው የሐበሾች ገበያ ልብስ የሚያከፋፍሉ የአዲስ አበባ ሰው፣ በሐበሻው ሰፈር ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። እግራቸው ሥር አንድ ካርቶን ለስላሳ መጠጥ ተቀምጧል። ጥበቃው መሐላቸው ገብቶ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶታል።

«የጎሣዬን የክብር ስም ነው የሚጠሩት» አሉ ዶክተር ኩማሎ ቀስ ብለው። «በእኛ ወግ የሎቦላ፣ የጥሎሽ ሽማግሌ፣ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ነው እንዲህ ደጅ ቆሞ የሚጣራው። እኔ ቤት ግን የደረሰች ልጅ የለችም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ያንተ ሰዎች ናቸው?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደ ጴጥሮስ «አላውቃቸውም» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሼ በመስኮቱ አዩኝና እጃቸውን አውለበለቡ። «ደሳለኝ! አይዞህ፣ መጥተናል!»

«አጎቴ ናቸው» አልኩ፣ ላቤ በክራባቴ ላይ እየወረደ።

«ይህ በአሠራራችን ውስጥ የለም» አለ ናይዱ።

«ሚስተር ናይዱ፣ ስሜ በደጅ ተጠርቷል። ካልመለስኩ እናቴ ከመቃብር ተነስታ ትመጣብኛለች» አሉት ዶክተሯ። ግን ወዲያው አላስገቧቸውም። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና «ጥቂት ይቁሙ፤ እንደተንኳኳ የሚከፈት በር ክብር የለውም» አሉ። በዚያ ፀሐይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆሙ። እኔ እዚህ እቀቀላለሁ፣ እነሱ እዚያ ይጠበሳሉ። ታቦ ሳቁን ለመያዝ ጉንጩን ነክሷል።

በኋላ ገቡ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ይህ አፍ መክፈቻ ነው» አሉ ምኩሉ፣ ዶክተሯም በወጉ መሠረት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ተቀመጡ እንግዲህ።»

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ምትኩ።

ናይዱ ደንግጦ ወንበር አምጥቶ ከኋላቸው አስጠጋ። አቶ ምትኩ አንድ እርምጃ ወደፊት ፈቀቅ አሉ። ወንበሩን አስከተለ። አሁንም ፈቀቅ አሉ። ጠረጴዛው ባያቆማቸው ኖሮ በመስኮቱ ይወጡ ነበር። ሳንድዊች ቀረበላቸው። «ጉዳያችን ሳያልቅ እህል አንቀምስም» አሉ። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ አይበላም። ናይዱ ግን ይህን ከየት ይወቀው? አለርጂ አላቸው እንዴ ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ።

ከሁሉ የባሰው ሌላ ነው። የሚያስተረጉም ሰው ጠፋ። አቶ ምትኩ እንግሊዝኛ ይሰማሉ እንጂ «ሽምግልና በሰው አፍ አይነገርም» ብለው በአማርኛ ነው የሚናገሩት። ስለዚህ የራሴን ሽምግልና እኔው አስተረጎምኩላችሁ! እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ ያውቃል?

አቶ ምትኩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አምላክ የተመሰገነ ይሁን። የመጣነው ለበጎ ነው። በቤታችሁ በክብር ያደገች፣ ስሟ በመልካም የሚነሳ፣ ባሏ ጥሏት የሄደባት አንዲት ቡድን እንዳለች ሰምተናል። እኛም ደግሞ ለአቅመ አሰልጣኝ የደረሰ ልጅ አለን። ዝምድናችሁን ፈልገን፣ ደጃችሁን ጠንተናል።»

«ቡድኑን ይወዱታል» አልኩ በእንግሊዝኛ።

«እኔ የተናገርኩት እንዲህ አጭር ነበር?» አሉኝ አቶ ምትኩ በዓይናቸው እየገረመሙኝ። እንደገና፣ ባሏ ጥሏት የሄደውን ጭምር፣ ሙሉውን አስተረጎምኩ። ታቦ አሁን በግልጽ ይስቃል።

ዶክተር ኩማሎ ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉና ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። «ልጃችን ብዙ ጠያቂ አላት። አሁን እንኳ ጥሩ ሽቶ የተቀባ አንድ ሰው ወጥቶ መሄዱ ነው።»

«እሱስ ማንን ልኮ መጣ?» አሉ ጋሼ።

«ብቻውን ነው የመጣው።»

ጋሼ ለምኩሉ በእጃቸው አሳዩአቸው፤ አንድ ጣት፣ ብቻውን። ምኩሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ሰው የሌለው!» አሉ ጋሼ ከልባቸው አዝነው።

«መልካም» አሉ ዶክተሯ። «የልጃችሁን ደግ ደጉን እሱ ራሱ ነግሮኛል። ትጉህ ነው አሉ። እናንተ ነውሩን ንገሩኝ።»

ይህን ሳስተረጉም ጋሼን በዓይኔ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን ሽማግሌ ሆነው መጥተዋል፤ ሽማግሌ ደግሞ አይዋሽም።

«ቁጡ ነው» አሉ። «ሲቆጣ አፉን አይዝም። ባለፈው ዳኛ ሰድቦ ከሜዳ ሲባረር ወደ ቤቱ መግባት ሲገባው ከአጥሩ ውጭ ያለው ጃካራንዳ ላይ ወጥቶ፣ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲያሰለጥን ነው የዋለው። ለማውረድ መሰላል ተፈልጓል።»

«ለሥራው ፍቅር አለው» ብዬ አስተረጎምኩ።

«ዛፉ የታለ?» አሉ ጋሼ። የሱቅ እንግሊዝኛ ይበቃቸዋል ለካ። «ዛፉን አልተናገርክም!» ብለው በሁለት እጃቸው ዛፍ የሚወጣ ሰው አሳዩ። ታቦ አላስቻለውም፤ «ዛፉ እውነት ነው! መሰላሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ናይዱ ታብሌቱ ላይ ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዶክተር ኩማሎ ወደ ጋሼ ዘንበል አሉ። «ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ለእኔ ለምን ታመጡታላችሁ? ሱቅ አላችሁ አሉ። ለምን ሱቃችሁ ውስጥ አታስቀሩትም?»

ጋሼ የተውሶ ነጠላቸውን ጫፍ እያሻሹ ቆዩ።

«ለሱቅ አይሆንም» አሉ። «ዳቦ ሲሉት ሻማ ይሰጣል። ደንበኛ ደጅ ተሰልፎ እሱ ስልኩ ላይ ኳስ ያያል። ዲፕስሉት ቤት ተከራይቼ አብረን ልንገባ ነበር፤ ያከስረኛል፣ ይቅርብኝ። እናንተ ካልወሰዳችሁት የሚወስደው የለም።» ድምፃቸው ትንሽ ቀነስ አለ። «ግን ከልምምድ የሚመለስበት ቀን ሲሆን እያፏጨ ነው የሚመጣው። በሌላ ቀን አፏጭቶ አያውቅም። እኔ ይህን አያለሁ።»

የመጀመሪያውን በቁጭት አስተረጎምኩ፤ ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቷል። የመጨረሻውን ማስተርጎም ግን አቃተኝ።  ጋሼ ከንፈራቸውን ለፉጨት አሹለው አሳዩ፤ ለምኩሉ ገባቸው መሰለኝ፣ እሳቸውም በቀስታ አፏጩና ለዶክተሯ በዙሉ የሆነ ነገር ነገሯቸው። ዶክተሯ ለረጅም ጊዜ እኔን አዩኝ።

«ሰምተናል» አሉ በመጨረሻ። «እኛም ቤተሰብ አለን፣ እንመክራለን። መልሱን እናሳውቃለን።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። ሳንድዊቹን ሳይነኩ፣ ወንበሩ ላይ ሳያርፉ፣ ደስ ብሏቸው ወጡ። ሰርግ የተቆረጠላቸው ነው የሚመስሉት።

እኔ ግን የጋሼ መኪና ውስጥ ስንገባ ፈነዳሁ። «አጠፉኝ! ጋሼ፣ ዓመታት የለፋሁበትን በአንድ ጠዋት ገደል ከተቱት! እዚህ አገር ‹እናሳውቃለን› ማለት ደህና ሁን፣ ሁለተኛ እንዳናይህ ማለት ነው!»

«አንተ ምን ታውቃለህ?» አሉ አቶ ምትኩ ከፊት ወንበር። «የእኔን ሚስት ሲጠይቁልኝ ሽማግሌዎቹን ስንት ጊዜ እንዳመላለሷቸው ታውቃለህ? በር ላይ ውሻ ሁሉ ተለቆባቸዋል። ዛሬ በመጀመሪያው ቀን ቀጠሮ ሰጡን! በመጀመሪያው ቀን ልጁን የሚሰጥ ማነው?»

ምኩሉም «ዬቦ፣ ዬቦ» እያሉ ይስማማሉ፤ ምን እንደተባለ ግን የነገራቸው የለም።

«ደግሞስ ጋሼ፣ ዳቦ ሲሉት ሻማ ይሰጣል ይባላል? በሰው ፊት?»

ጋሼ መንገዱን እያዩ ነው የሚነዱት። «ሐሰት ነው?» አሉኝ።

ሐሰት አልነበረም። እስከ አሌክሳንድራ ድረስ አኩርፌ ሄድኩ።

በማግስቱ ፍርግርጉ ውስጥ ቆሜ ለዲፕስሉት የሚጫን ዕቃ እለያለሁ። አንድ አዲስ መኪና መጥቶ ደጃችን ቆመ። ሰፈሩ ዞሮ አየ። ዶክተር ኩማሎ ናቸው! ወርደው በፍርግርጉ ፊት ቆሙና ጭራሽ የማያውቁኝ መሰሉ።

«ማይፍሬንድ፣ ሽማግሌዎቹ አሉ?»

«ዶክተር! እኔ ነኝ እኮ፣ ደሳለኝ!»

«አንተን አልፈለግኩም። ጥያቄ ያመጣ ነው መልስ የሚቀበለው።»

ምኩሉ ከሳጥናቸው ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጋሼ ከጓዳ ዱቄት እንደነካቸው ሮጠው ወጡ። አቶ ምትኩ ጄፒ ስለሆኑ በስልክ ተጠርተው ድምፃቸው ከፍ ተደርጎ ስልኩ የዳቦ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። አስተርጓሚው አሁንም እኔው ነኝ፣ በሽቦ ውስጥ ሆኜ።

«ልጅቱን ጠየቅናት» አሉ ዶክተር ኩማሎ። «ተጫዋቾቹን በሙሉ ሰበሰብኩ። ሁሉም የዛፉን ወሬ ያውቃል፤ ለእኔ ግን አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅም። ሌሎቹ አመልካቾች እንከን የላቸውም። እንከን የሌለው ሰው ደግሞ ያስፈራኛል፤ ምን ገዝቼ እንደምገባ አላውቅም። የእናንተን አውቄዋለሁ። ልጅቱ እሺ ብላለች።»

እሺ ብላለች የሚለውን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አስተረጎምኩት።

«አንድ ነገር ግን አለኝ» አሉ። «ሚስተር ናይዱ የሙከራ ጊዜ ይበል፣ እሱ የራሱ ጉዳይ ነው። እኔ ይህ ሰው ሲቆጣ የምደውለው ለእሱ አይደለም። ለእናንተ ነው። ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ይደውሉ!» አለ የአቶ ምትኩ ድምፅ ከዳቦው ላይ። «ሽማግሌ አጋብቶ አይሸሽም!»

ይኼኔ ዳቦ ልትገዛ የቆመች አንዲት ሴትዮ «ማነው ያገባው?» አለች።

«ማይፍሬንድ!» አሏት ምኩሉ።

«ማንን?»

«የኳስ ቡድን!»

ሴትዮዋ ምንም አልገረማትም። እልልታዋን አቀለጠችው፣ ሰፈሩም ተቀበላት።

ከዚያ ወዲህ እኔና ቡድኑ አብረን ነን። ሻምፒዮን ሆንን ብዬ አልዋሻችሁም፤ አንዳንዴ እናሸንፋለን፣ ብዙ ጊዜ አቻ እንወጣለን፣ ተከላካዮቼ ግን ማንንም አያሳልፉም። ቁጣዬም አልለቀቀኝም። ግን ዳኛውን ልሰድብ አፌን ስከፍት ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል፤ ዶክተሯ ከመቀመጫቸው ሆነው ለአቶ ምትኩ ደውለዋል፣ አቶ ምትኩ ደግሞ ለእኔ። ትዳሩን መፍታት ብፈልግ እንኳ ሦስት ሽማግሌ ማሳመን አለብኝ። ከሁለቱ ወገን ሙሽራው እኔ ልሁን ሙሽሪቷ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ምናልባት እንደ ያኔው እኔ ሁሉን በራሳችሁ ጥረት ብቻ ማግኘት የምትፈልጉ ከሆነ አልፈርድባችሁም። ብቻውን የሚገባ ሰው ትልቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌዎቼ ሲመጡ ያፈርኩት ለዚያ ነው። አሁን ግን የሚያሳፍረኝ ማፈሬ ነው። ያን ቀን ነውሬን በአደባባይ የተናገሩት ሰዎች፣ ከእኔ ጋር ለመቆም ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ ናቸው። ሱቅ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ ይንገራችሁ።

የቀረኝ አንድ ጠዋት ነው። ዶክተሯ መልሱን ባመጡ ማግስት፣ ልምምዱ ከሰዓት ስለሆነ እስከዚያ ላግዝ ብዬ እንደ ልማዴ ከማደሪያዬ ወደ ሱቁ መጣሁ። ፍርግርጉ ውስጥ ጋሼ ራሳቸው ቆመዋል። ከተዘረፉ ወዲህ እዚያ ቦታ ላይ ያለ እኔ ቆመው አይቻቸው አላውቅም። የዲፕስሉቱን ቤት ለባለቤቱ እንደመለሱለት ያወቅኩት በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ።»

«ማነህ?»

«ደሳለኝ ነኛ!»

«ደሳለኝን ድረነዋል» አሉ ቆፍጠን ብለው። «የተዳረ ልጅ በማግስቱ ወላጆቹ ቤት አይመጣም፤ ነውር ነው። መልስ ስንጠራህ ትመጣለህ።»

«ብቻዎን እንዴት ይሆናሉ?»

በአገጫቸው ወደ ኋላ አመለከቱኝ። ምኩሉ የቢራ ሳጥናቸውን ይዘው ከፍርግርጉ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ባርኔጣቸውን ከሲሚንቶው ግድግዳ ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። «ሀምባ፣ ኮች» አሉኝ፤ ሂድ ማለታቸው ነው።

ጋሼ እጃቸውን በዳቦው ቀዳዳ አሾልከው ጭንቅላቴን ዳበስ አደረጉኝ። «ይባርክህ። በል ሂድ፣ ልጆቹ ይጠብቁሃል።» ከዚያ ቶሎ ብለው ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ።

ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ ታለቅስ የለ? እኔም ታክሲ ተራው ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ።